ስሙን ኒውዮርክ ያወጣለት ድንጋይ

በሰሜን ታንዛኒያ፣ ከኪሊማንጃሮ ተራራ ብዙም ሳይርቅ፣ ሜሬላኒ የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ። ታንዛናይት የተባለው ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ለገበያ በሚበቃ መጠን የሚወጣው በዓለም ላይ ከዚህ ስፍራ ብቻ ነው። ስፍራው ጠባብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቢሆን ነው። የድንጋዩ ታሪክ ግን ከአሩሻ እስከ ኒውዮርክ ይዘልቃል።

ዛሬ መንገድ ላይ ያገኘውን ድንጋይ በስልኩ ፎቶ አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው? ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው። የሜሬላኒ ታሪክ ለዚህ ጠያቂ የሚነግረው ነገር አለ። ድንጋይን ማየት ሌላ፣ ድንጋይን ማወቅ ሌላ ነው። ሀብት ከእጅ የሚወጣውም በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1967 ነው። ድንጋዩን መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። የማሳይ እረኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ጁማኔ ንጎማ የተባለ ታንዛኒያዊ ነው የሚሉም አሉ። በመንግሥት መዝገብ ላይ ቀድሞ የሰፈረው ግን ማኑኤል ዴ ሱዛ ነው። ዴ ሱዛ የሕንድ ጎዋ ተወላጅ፣ በአሩሻ ከተማ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ማዕድን ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ይዞታውን አስመዘገበ።

ይዞታውን አስመዘገበ እንጂ በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ አላወቀም። በመጀመሪያ ሰንፔር መሰለው። ቀለሙ በእርግጥ ሰንፔር ያስመስለዋል። ሆኖም ድንጋዩ ለሰንፔርነት በጣም ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ማዕድናት ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የጥንካሬ መለኪያ ሲመዘኑ ሰንፔር 9 ላይ ይቀመጣል፤ ይኸኛው ግን ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ነው። ቀጥሎ ኦሊቪን ነው ተባለ። ከዚያ ዱሞርቲየራይት፣ ከዚያም ኮርዲየራይት። አንድ ድንጋይ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት የተሳሳተ መታወቂያ ተሰጠው ማለት ነው።

እውነተኛ ማንነቱ የታወቀው በመለኪያ መሣሪያ ነው። ትክክለኛውን መልስ ቀድሞ በማግኘት ስሙ የሚነሳው፣ በዶዶማ ይሠራ የነበረ ኢያን ማክላውድ የተባለ የታንዛኒያ መንግሥት ጂኦሎጂስት ነው። በናይሮቢ የነበረው ጂኦሎጂስት ጆን ሶል ደግሞ ናሙናውን ኒውዮርክ ለሚኖሩት አባቱ ላከ፤ በአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም የተደረገውም ምርመራ ያንኑ አረጋገጠ። ድንጋዩ ዞይሳይት ነው። ዞይሳይት አዲስ ማዕድን አልነበረም። ከኦስትሪያ ተራሮች ተገኝቶ በ1805 የታወቀ፣ በባሮን ዚግሙንድ ዞይስ ስም የተሰየመ ነው። እንዲህ ሰማያዊና ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ግን ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ዓይን ለምን ተታለለ? ምክንያቱ በራሱ በድንጋዩ ውስጥ ነው። የታንዛናይት ክሪስታል እንደሚታይበት አቅጣጫ ቀለሙ ይለዋወጣል። በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ አዙረው ሲያዩት ሐምራዊ፣ በሦስተኛው አቅጣጫ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ነው። በቀን ብርሃን ሰማያዊው ይጎላል፤ በቢጫ አምፖል ሥር ሐምራዊው ይበረታል። ከመሬት ሲወጣም አብዛኛው ቡናማ የተቀላቀለበት ነው፤ ገበያ የሚያውቀውን ጥርት ያለ ሰማያዊ የሚይዘው በምድጃ ሲሞቅ ነው።

እንግዲህ ይህን ድንጋይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከሦስቱ ፊቶች አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። ፎቶው አይዋሽም፤ ግን ሁሉንም አይናገርም። ሰማያዊ መስታወትና በፋብሪካ የተሠራ አስመሳይ ድንጋይም በፎቶ ላይ ከታንዛናይት እኩል ያምራሉ። የሚለያቸው በውስጣቸው ሲያልፍ ብርሃን የሚታጠፍበት ልክ፣ ክብደታቸው ከመጠናቸው ጋር ሲነጻጸር፣ እንዲሁም ጥንካሬያቸው ነው። እነዚህን ካሜራ አይለካቸውም።

ቀጥሎ የስሙ ጉዳይ መጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን ድንጋይ ስም ያወጣው ግን የኒውዮርኩ ጌጣጌጥ ሻጭ ቲፋኒ ነው። ዞይሳይት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ራስን ማጥፋት» ከሚለው ቃል ጋር ይቀራረባል። ለሙሽራ ቀለበት የሚሸጥ ድንጋይ በዚህ ስም ገበያ አይወጣም። የኩባንያው ኃላፊ ሄንሪ ፕላት በአገሩ ስም ታንዛናይት አሉት፤ በ1968 ገበያ ላይ ዋለ። በሳይንስ መዝገብ ላይ ዛሬም ዞይሳይት ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ነጋዴው በሰጠው ስም ነው።

ስሙ የታንዛኒያ ሆነ፤ ጥቅሙ ግን ለረጅም ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር። ዴ ሱዛ በ1969 በመኪና አደጋ ሞተ። በ1971 መንግሥት ማዕድን ማውጫዎቹን ወረሰ። ድንጋዩ በአብዛኛው የሚቆረጠውና የሚሞረደው በሕንዷ ጃይፑር ከተማ ሆነ። ብዙው ሳይመዘገብ በድንበር ይወጣ ነበር። በመጨረሻ መንግሥት በ2018 የማዕድን ስፍራውን 24 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ግንብ አጠረው። ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ ግንቡን ሲመርቁ ንጎማን የድንጋዩ አግኚ ብለው 100 ሚሊዮን የታንዛኒያ ሽልንግ እንዲሰጠው ወሰኑ። ከተገኘ 51 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2020፣ ሳኒኒዩ ላይዘር የተባለ ማዕድን አውጪ ሁለት ግዙፍ ታንዛናይቶች አገኘ። ትልቁ ከ9 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ድንጋዮቹ እዚያው ተመዝነው፣ ዋጋ ወጥቶላቸው፣ ከ7.7 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ በመንግሥት ተገዙ። ሰውየው በአንድ ቀን ባለጸጋ ሆነ። በ1967 ከተገኙት ድንጋዮች የሚለየው ማንነቱ፣ ክብደቱና ዋጋው በአገሩ፣ በባለቤቱ ፊት መታወቁ ነው። ግንቡ ሌባን ሊከላከል ይችላል፤ ላይዘርን የጠቀመው ግን ሚዛኑና መዝገቡ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2008 በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ የተገኘው ኦፓል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዓለምን የኦፓል ገበያ ቀይሮታል። እሱም የራሱ ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። ሲረጥብ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዱ ደርቆ፣ አንዱ ረጥቦ ፎቶ ቢነሳ ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች ይመስላሉ። ጠባዩን የማያውቅ ሻጭ በርካሽ ይሰጣል፤ የማያውቅ ገዢም ተታለልኩ ይላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ታዲያ ፎቶ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጥሩ ፎቶ የምስክር ቃል ነው፤ ምስክር ግን የት እንደቆመ፣ መቼ እንዳየ ይጠየቃል። ድንጋዩ ከአንድ በላይ አቅጣጫ፣ በቀን ብርሃንም በአምፖልም፣ መጠኑን ከሚያሳይ ነገር ጋር ሲነሳ፤ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው ቀን እንደወጣ አብሮ ሲጻፍ፤ የተጣበቀበት እናት ድንጋይም ሳይፈለፈል ሲቀር፣ ያ ፎቶ ማስረጃ ይሆናል። የድንጋዩን ዓይነት ላቦራቶሪ በማንኛውም ጊዜ ሊለካ ይችላል። የተገኘበት ቦታ ግን አንዴ ሳይጻፍ ካለፈ፣ መልሶ ለማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይቻልም።

ዶዶማ ውስጥ ድንጋዩን የለየ ባለሙያ ነበረ። የጎደለው ያን እውቀት ከጉድጓዱ አፍ እስከ ገበያው ድረስ የሚያደርስ መዝገብ፣ ሚዛንና ሞራጅ ነበር። ያንን ለማሟላት ታንዛኒያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀባት። የደላንታ ቆፋሪ ያን ያህል መጠበቅ የለበትም።