ጭራሮ የሚበላ፣ ስልክ የሚሞላ ምድጃ

የጉዞ ምድጃ፣ ባዮላይት። አሜሪካ፣ 2012 እ.ኤ.አ.። አይዝጌ ብረትና ፕላስቲክ፤ 935 ግራም።

ጉልቻ አይሻም፤ ተጣጣፊ እግሮች አሉት። ዋናዋ በጎኑ ያለችው ብርቱካናማ ሣጥን ናት። እሳቱ ውስጥ የገባ ዘንግ ሙቀት ያደርስላታል፤ አንዱ ፊት ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ባሕርይ የፊዚክስ ሊቁ ቶማስ ሲቤክ ያስተዋለው በ1821 እ.ኤ.አ. ነው። ኃይሉ መጀመሪያ ትንሽ ማራገቢያ ያዞራል፤ እሷ አየር ስትነፋ ጭሱ ይቀንሳል። የተረፈው ስልክ ይሞላል።

የሚተርፈው ግን 2 ዋት ገደማ ነው። ባለቁልፍ ስልክ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ያህል ጭራሮ እየሰበሩ መማገድ ይጠይቃል። ለመንገደኛ አሰልቺ ነው፤ በደቡብ ኦሞ የቡና ገለባ ጥዶ ለሚጫወት ሰው ግን ብዙም አይከብድም።

በሳላማጎ ወረዳ ከሃና ከተማ ርቀው ከብት ለሚጠብቁ የቦዲና የሙርሲ እረኞች ጭራሮው ሞልቷል፤ የሚርቀው መሰኪያው ነው። የሚገርመው፣ እዚያው ኦሞ ወንዝ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል።

ፀሐይ በማይጠፋበት ቆላ የሶላር ሰሌዳ ሳይሻል አይቀርም። ምድጃው የሚበልጠው ማታ ነው፤ ያውም ደረቅ እንጨት ከተገኘ።