በሩፕኩንድ ሐይቅ ስለ ተገኘው ዐፅመ ሙታን

በሕንድ አገር በስተ ሰሜን፥ በሂማላያ ተራሮች መካከል ሩፕኩንድ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ5000 ሜትር ያልፋል። ከዓመቱ የሚበዛውን ወራት በረዶ ይሸፍነዋል፤ በረዶው በቀለጠ ጊዜ ግን የራስ ቅልና የጎድን አጥንት በዳርቻው ተበትኖ ይታያል። የሙታኑ ቍጥር በብዙ መቶ ይገመታል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. አንድ የደን ጠባቂ ይህን ባየ ጊዜ፥ ዘመኑ የጦርነት ስለ ነበረ፥ የጃፓን ወታደሮች ናቸው ተባለ። ዐፅሙ ግን ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ሌሎችም በ1841 ዓ.ም. ከዞራዋር ሲንግ ጋራ ወደ ቲቤት ዘምተው ሲመለሱ ያለቁ ጭፍሮች ናቸው አሉ። ይህም አሳብ አልጸናም፤ ከሙታኑ መካከል ሴቶች አሉና፥ የጦር መሣሪያም በስፍራው አልተገኘም።

የአገሩ ሰዎች የሚተርኩት ሌላ ነው። ናንዳ ዴቪ የምትባለውን አምላካቸውን ሊሳለም አንድ ንጉሥ ዘፋኞችን አስከትሎ ቢወጣ፥ ስፍራዋን ስላቃለለ እንደ ብረት የጠነከረ በረዶ አዘነመችባቸው ይላሉ። ዛሬም ተሳላሚዎች በሐይቁ አጠገብ ያልፋሉ። ከራስ ቅሎቹም አንዳንዶቹ ከላይ በወረደ ድቡልቡል ነገር የተመቱ መስለው ስለ ተገኙ፥ ብዙ ሰዎች ነገሩ በዚህ ተፈጸመ ብለው ዐርፈው ነበር። በእውነቱም ባለ አገሮቹን ተረተኞች ናችሁ ብሎ መናቅ አይገባም ነበር።

ይሁን እንጂ በ2019 ዓ.ም. ሊቃውንት የ38 ሰዎችን ዐፅም በዲኤንኤ መርምረው፥ ዕድሜውንም በካርቦን ለክተው ያወጡት ጽሑፍ ሁሉን አናወጠው። 23ቱ የሕንድ ወገን ናቸው፤ የሞቱትም ከ7ኛው እስከ 10ኛው ምዕት ዓመት ባለው ዘመን፥ ያውም በአንድ ቀን ሳይሆን በተለያየ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ የበረዶ ዝናም ሁሉን ፈጀ ማለት አይቻልም። አንዱ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወገን ነው። የቀሩት 14ቱ ግን ከሜድትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ የመጡ፥ ከዛሬ ሕዝቦች ይልቁን የቀርጤስን ሰዎች የሚመስሉ ሆኑ! እነዚህ የሞቱት በ1800 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከፊተኞቹ ጋራ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይራራቃሉ። ከ14ቱም ወንዶችም ሴቶችም አሉ፥ የቅርብ ዘመዳሞች ግን አይደሉም። በዐፅማቸው የተገኘው የምግባቸው ምልክት እንኳ ከሕንዶቹ የተለየ ነው።

ከዚያ ሁሉ አገር ተነሥተው ወደዚህ ብርድ ለምን ወጡ? የሕንድ ሃይማኖት ተሳላሚዎች ናቸው ማለት ያስቸግራል፤ እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያወሳ መዝገብም ሊቃውንቱ አላገኙም። ናዳና በረዶ ዐፅሙን ስላደባለቀው የትኛው ከየትኛው በፊት እንደ ወደቀ ከአፈሩ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ይህም ሳያንስ መንገደኞች ቅሉን ከድንጋይ ላይ እየደረደሩ፥ አንዳንዶቹም ለማስታወሻ እያሉ አጥንቱን ይዘው ይወርዳሉ። ሟቹ ማን እንደ ሆነ የሚመሰክርለት ሌላ ነገር የለውምና፥ ከስፍራው የተወሰደ አንድ አጥንት ስሙ ዳግመኛ እንደ ተሰረዘ ያህል ነው።