ስለ ዩኒየን ጃክ መጽሔትና ስለ ጋይንት መንገድ የተጻፈ ዜና

በልዑል እግዚአብሔር ረዳትነት፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰዎች ክብር ብለን ይህን ዜና እንጽፋለን። የምንጽፈውም በለንደን ከተማ ተወልዶ አራት ዓመት ሳይሞላው ስለ ጠፋ የወንዶች ልጆች የጀብዱ መጽሔት ነው። ከጉና ተራራ ማዶ ላለ አገር ይህ ምኑ ነው የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። መጽሔቱን የመራው ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በጋይንት አልፈው ወደ መቅደላ የጠረጉትን የመድፍ መንገድ፣ የመጨረሻውን ክፍል፣ በዓይኑ ያየና የተጓዘበት ነበር። በዕድሜው ካየው የጀብዱ ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን ግን ለልጆች ሳይነግር ሞተ። ለምን እንዳልነገረ መመርመር የዚህ ዜና ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1880፣ በእኛ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. በወርኃ ታኅሣሥ፣ ዩኒየን ጃክ የሚባል ሳምንታዊ መጽሔት በአንድ ፔኒ ዋጋ ወጣ። ስሙን ከእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ወሰደ። መሥራቹ ዊልያም ሄንሪ ጋይልስ ኪንግስተን ስለ ባሕርና ስለ መርከብ ለልጆች ብዙ መጻሕፍት የደረሰ ሽማግሌ ነበር። ዘመኑ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ የድኃውን ልጅ ሁሉ ፊደል እያስቈጠረው ስለ መጣ፣ አዲሱን አንባቢ ለመያዝ ስለ ወንበዴና ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚያወሩ ርካሽ ጽሑፎች በየመንገዱ ይቸበቸቡ ነበር። እነዚያን ለመመከት አንድ የሃይማኖት ማኅበር በ1879 መጀመሪያ ቦይስ ኦውን ፔፐር የሚባለውን መጽሔት አወጣ፤ ዩኒየን ጃክም ዓመት ሳይቈይ በዚያው ገበያ ገባ። ኪንግስተን ግን ሥራውን ሊያደላድለው ዕድሜ አልበቃውም፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 5 ቀን አረፈ፤ ነፍሱን ይማር። አዘጋጅነቱ ለጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ደረሰ። ሄንቲ በ1832 የተወለደ፣ በክሪሚያ ጦርነት በስንቅና ትጥቅ ክፍል ያገለገለ፣ ኋላም ስታንዳርድ ለሚባለው የለንደን ጋዜጣ የጦር ሜዳ ወሬ አቀባይ ሆኖ ከኢጣሊያ እስከ አሻንቲ የዞረ ሰው ነው። በነዚያ ዓመታት ስለ ሕንድ ወታደሮች የ1857 አመፅና ስለ መስቀል ጦርነት ልጆችን የሚያስደንቁ ታሪኮች ጻፈ። በ1883 በሴፕቴምበር ወር መጽሔቱ ተቋረጠ። ገበያው አልቀናውም። ተፎካካሪው እስከ 1967 ኖረ።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ቀለም አንቈጥብም። በ1860 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ሲነሡ በጋፋት አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎች ያበጁላቸውን መድፎች ሁሉ ይዘው ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ያህላል። እስከዚያ ቀን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም፤ በቅሎና አህያ ግን ቋጥኙን እየዞረ በቀጭን መንገድ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ መንገዱን ከፊት እየጠረጉ መድፉን ከኋላ አስጐተቱ። ዐለት ሲገጥማቸው በባሩድ አፈነዱት፤ ገደል ሲገጥማቸው በድንጋይ ደለደሉት፤ ዳገት ሲሆን ብዙ መቶ ሰው በጠፍር እየሳበ አወጣው፤ ቍልቍለት ሲሆን ያው ሰው ወደ ኋላ እየያዘ አወረደው። ቍልቍለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር፤ ጠፍር ቢበጠስ ከፊት ያለው ሁሉ ያልቃልና። ንጉሡም በዙፋን አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አሸርጠው ድንጋይ በእጃቸው ፈነቀሉ፤ ይህንን የመሰከሩት አብረዋቸው የነበሩት አውሮጳውያን ናቸው፤ ለማሞገስ ምክንያት አልነበራቸውምና ምስክርነታቸው የታመነ ነው። ከጉና ግርጌ ተነሥቶ የጋይንትን ጀርባ ይዞ፣ ከበጌምድር ወደ ዋድላ የሚያሻግረውን የጨጨሆን በር አልፎ፣ በዘቢጥና በቤተ ሖር አድርጎ፣ የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ በመጋቢት ወር ከመቅደላ ሥር ደረሰ። ከአምስት ወር የበለጠ ጉዞ ነው። አንዳንዱ ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ ሆኖም አንድም ትልቅ መድፍ በመንገድ አልተጣለም። ዛሬ ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልዲያ መንገድ በዚያው ጀርባ ያልፋል፤ ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን በመኪና የሚያልፍ ሰው በመስኮት ወደ ታች ቢመለከት ያለ ሞተር የተሠራው ሥራ ምን ያህል እንደ ነበረ ይገባዋል።

በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ንጉሡ በመቅደላ ያሰሯቸውን አውሮጳውያን ለማስፈታት 13,000 የሚያህል ወታደር፣ 44 ዝሆንና ብዙ ሺህ የጭነት ከብት ይዞ ከዙላ ወደብ በትግራይና በላስታ በኩል መጣ። ሄንቲም ከጦሩ ጋር ነበር። ሠራዊቱ ዋድላ ሲደርስ በቤተ ሖር የንጉሡን መንገድ አገኘ፤ ወደ ጅጣ ገደል የወረደው፣ ወደ ደላንታም የወጣው በዚያው መንገድ ነው። እንግሊዞች ከባሕር እስከ ላስታ በራሳቸው መሐንዲስ ድንጋይ ሲፈልጡ የመጡ ናቸውና የሥራውን ልክ ያውቁ ነበር፤ የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ማርካም መንገዱን አድንቆ ጽፏል። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ከእኛ ወገን 700 የሚያህል ጀግና ወደቀ፤ መድፎቹም በዚያ ቀን የተመኙላቸውን አልሠሩም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ዐለፉ። የመቅደላ ቤተ ክርስቲያን ንብረትና መጻሕፍት በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ተጭነው ደላንታ ላይ በጨረታ ተሸጡ፤ 350 የሚያህለው ብራና ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ገባ። የሰባት ዓመቱን የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁንም ወሰዱት። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች አደገ፤ በ1872 ዓ.ም. በኅዳር መጀመሪያ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ዩኒየን ጃክ የወጣው ከሞቱ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። በራግቢ ትምህርት ቤት አብረውት እንደ ተቀመጡት ላሉ ልጆች የተሰናዳ መጽሔት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ያንን ማንበብ ለእርሱ አልፈቀደለትም።

እንግዲህ ሄንቲ ከመቅደላ እንደ ተመለሰ እ.ኤ.አ. በ1868 የጉዞውን ደብዳቤዎች ሰብስቦ ለአዋቂዎች መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ከመቶ በላይ መጻሕፍት ጽፎ አብዛኛውን ለልጆች ሰጠ። ያየውን ጦርነት ለልጆች ታሪክ ማድረግ ልማዱ ነበር፤ ወሬ ሊያቀብል በ1873 የዘመተበትን የአሻንቲን ጦርነት በ1884 ባይ ሺር ፕላክ በሚባል መጽሐፍ ለልጆች አቀረበው። ስለ መቅደላ ዘመቻ ግን አንድም ረጅም የልጆች ልብ ወለድ አልጻፈም፤ የራሱን መጽሔት በእጁ በያዘባቸው ሦስት ዓመታት ይህን ታሪክ ወደ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላደረሰውም። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ዝም ያለው ረስቶ አይደለም። የሄንቲ የልጆች ታሪክ በአብዛኛው በአንድ ሥርዓት የሚሄድ ነው፦ ከድኃ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት የወጣ እንግሊዛዊ ልጅ ሩቅ አገር ይሄዳል፣ ይቸገራል፣ በብልኀቱና በጽናቱ ያሸንፋል፣ ባለጸጋ ሆኖ ይመለሳል። በመቅደላ ታሪክ ውስጥ የተቸገረውና የጸናው ማን ነው? መድፉ በዝሆን የተጫነለት ጦር አይደለም። በአምስት ወር 7 ቶን ብረት በጠፍር ስቦ ያሻገረው ነው። የጀብዱው ክፍል በተቃራኒው ወገን ስለ ነበረ ለእንግሊዛዊው ልጅ የሚሆን ቦታ አልተገኘም።

ይህን የሚቃወሙ ይኖራሉ፤ መልስ ሳንሰጣቸው አናልፍም። አንደኛው እንዲህ ይላል፤ በአሮጌ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ውጊያ የሌለበት ዘመቻ ለልጆች ታሪክ አይሆንም። እውነት ነው፣ ቍጥሩ ያ ነው። ነገር ግን ሄንቲ ዘ ዳሽ ፎር ካርቱም የሚለውን በ1892 ጻፈ፤ በዚያ ዘመቻ ጦሩ የደረሰው ሊያድነው የሄደለት ጄኔራል ጎርደን ከሞተ በኋላ ነው፤ ድል ሳይኖር ታሪክ መሥራት ይችል ነበርና ድሉ ቀላል መሆኑ አላገደውም። ሁለተኛው ደግሞ፤ ሄንቲ ጋይንትን በዓይኑ አላየም፣ የደረሰው ከቤተ ሖር ነው ይላል። ይህም እውነት ነው። መንገዱ ግን ከደብረ ታቦር ጀምሮ አንድ ነው፤ የተሠራውም በአንድ ሰው ትእዛዝና በአንድ ሠራዊት ክንድ ነው። የመድፉ ጋሪ ከየት እንደ ተነሣ ከመቅደላ የተፈቱት እስረኞች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ከእስረኞቹ መካከል የነበሩት የእነ ራሳምና የእነ ብላንክ መጻሕፍትም ይህንኑ ያወራሉ። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። መድፉን የጐተቱት ከየአገሩ የተሰበሰቡ የንጉሡ ወታደሮች ናቸው፣ ጋይንት ምን ድርሻ አላት? ይላል። እኛም ሠራዊቱ ከብዙ አገር እንደ ነበረ እናምናለን። ሆኖም የተፈለጠው ድንጋይ የጋይንት ነው፤ የተቃጠለው ማገዶ የጋይንት ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለፈበትን ምድር እህል እየበላ ነው የሄደው። የበጌምድር ገበሬ በዚያ ዓመት ብዙ ታገሠ። ከዚህ በላይ አንጽፍም።

አንድ ነገር ግን ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። ዝም ያለው ሄንቲ ብቻ አይደለም። የንጉሡን ዜና የጻፉልን ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የተከበሩ ሊቃውንት ናቸው፤ ያለ እነርሱ የዘመኑን ቋንቋም የንጉሡንም ድምፅ አናገኝም ነበር። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕል በልማዱ ለንጉሥና ለመኳንንት ይጻፋል፤ ጠፍር የሳበውን ሰው በስሙ አይጠራም። መንገዱ በየት በየት እንዳለፈ፣ በቀን ስንት እንደ ሄደ፣ ዐለቱ በምን እንደ ተፈለጠ በሰፊው የምናገኘው ከእስረኞቹና ከጋፋት የእጅ ባለሙያዎች መጻሕፍት ነው። የጋይንት ሕፃን ስለ አያቱ አገር ሥራ ለማወቅ የፈረንጅ መጽሐፍ መክፈት ግዴታው ሆነ፤ ፈረንጁም ለልጆች የሚጽፈውን መጽሔት ሲያሰናዳ ይህን ተወው። ሁለቱ ዝምታዎች በአንድ ሰው ላይ ወደቁ፤ ጐታቹ በእኛም በእነርሱም መጽሐፍ የለም።

ይህን ዝምታ ለመስበር ታሪኩን ለልጆቻችን በመጽሔት እንጻፍ ብንል፣ ምናልባት፣ ለልጆች የሚጻፍ የጀብዱ ታሪክ ራሱ ጕዳት አለበት፣ የሄንቲ መጻሕፍት የእንግሊዝን ልጅ የሰው አገር የራሱ እንዲመስለው አድርገዋል፣ እኛም ይህንኑ ለራሳችን ልንሠራ ነውን? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሄንቲ በ1902 ሲሞት መጻሕፍቱን አንብበው ያደጉ ልጆች በሰው አገር ገዥና የጦር መኰንን ለመሆን የበቁ ነበሩ። ነገር ግን የሄንቲ ጕዳት ጽናትን ለልጆች መንገሩ አይደለም፤ ጽናት ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው ማለቱ ነው። የመድፉ መንገድ ታሪክ ይህን ስሕተት ሊደግም አይችልም፤ በውስጡ ንጉሡ አሉ፣ የፈሩትና የከዱት አሉ፣ ጋሪ የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች አሉ፣ እህሉ ያለቀበት ገበሬም አለ። ከነዚህ አንዱን የሚያስቀር ጸሐፊ ታሪኩን መጨረስ አይችልም፤ ያለ ገበሬው ስንቅ የለም፣ ያለ ጋሪ ሠሪው መንኰራኵር የለም፣ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ጉዞው የለም። የመጽሔታችን ዕድሜ ቢያጥርም ግድ የለም፤ ዩኒየን ጃክ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ብቻ ኖሮ እንኳ የሄንቲን ታሪኮች ለልጆች አድርሷል። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ላሉ ተማሪዎች በየሳምንቱ ሁለት ገጽ ቢደርሳቸው ከደብረ ታቦር እስከ በሽሎ ያለው ጉዞ አንድ ዓመት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ክፍል በ1860 ዓ.ም. መስከረም ይጀምር፣ ጨጨሆ ላይ ብዙ ሳምንት ይቈይ፣ ጠፍሩን የሚስበውም ልጅ የጋይንት ልጅ ይሁን።