የእርሳስ ወታደር እድሳት

የእርሳስ ወታደር እድሳት ለልጆች መጫወቻ፣ ለስብስብ ወይም ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ተብለው ከእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ያረጁ የወታደር ምስሎችን የማጽዳት፣ ስብራታቸውን የመጠገን እና የግድ ሲሆን መልሶ የመቀባት ሥራ ነው። ምስሎቹ በብዛት የተመረቱት በአውሮፓ ቢሆንም፣ ኢትዮጵያዊ ወታደር ራሱ በእርሳስ ተቀርጾ ለዓለም ገበያ የቀረበበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ሥራው ከእጅ ጥበብ አልፎ ከሀገሪቱ የጦርነት ታሪክ ጋር ይገናኛል።

አመጣጥ

እንግሊዛዊው ዊልያም ብሪቴን በ1893 እ.ኤ.አ. ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር የማውጣት ዘዴ ፈጠረ። የቀለጠው ቅይጥ ከብረት በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። ከግድግዳው ጋር የተገናኘው ስስ ሽፋን እንደረጋ፣ ያልረጋው ቅይጥ ወዲያው ተገልብጦ ይወጣል። በዚህ መንገድ የተሠራ ወታደር ቀላልና ርካሽ ነው። ያንኑ ቅርጽ ማውጫ ደጋግሞ መጠቀም ስለሚቻልም ምርቱ በብዛት ይወጣል። የላስታና የላሊበላ የነሐስ መስቀሎች ከሚሠሩበት የሰም አሠራር ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ በሰሙ ዘዴ የጭቃው ቅርጽ ማውጫ ለእያንዳንዱ መስቀል ይሰበራል፤ ሁለት መስቀሎችም ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

የብሪቴን ድርጅት መደበኛ የእግረኛ ምስል 54 ሚሊሜትር ቁመት ነበረው። ይህም ከእውነተኛው ሰው ወደ 32 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጨዋታ መጽሐፍ እነዚህን ወታደሮች ለአዋቂዎችም የጦርነት ጨዋታ መሣሪያ አደረጋቸው። ድርጅቱ በ1966 እ.ኤ.አ. የእርሳስ ምርቱን ሲያቆም፣ ቦታውን ውስጣቸው ድፍን በሆነ፣ 25 ሚሊሜትር ገደማ ቁመት ባላቸው የጨዋታ ምስሎች የሚታወቁ ትንንሽ አምራቾች ያዙት። የእነዚህ ቅይጥ እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አብዛኞቹ አምራቾች ለጤና ሲባል እርሳሱን ትተዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር የብሪቴን ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ ጦር ስብስቦችን አወጣ። ቁጥር 1424 የንጉሠ ነገሥቱን ክቡር ዘበኛ፣ ቁጥር 1425 ደግሞ ባህላዊ ጦረኞችን የሚያሳይ ነበር። ክቡር ዘበኛ በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነ፣ ካኪ የለበሰ፣ አብዛኛው በባዶ እግሩ የሚሰለፍ ጦር ነበር። ያው ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ተሰልፎ ተዋጋ። ከውጊያው በኋላም አፈግፋጊው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመታ። ቆቦና ሮቢት ያሉበት የራያ ቆላ ከዚህ የጦር ሜዳ በስተደቡብ ይገኛል። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ያለ አንድ ቀለሙ የተላጠ የክቡር ዘበኛ ምስል፣ እነዚያ ሰዎች በሚዋጉበት ሰሞን የለንደን ልጅ የተጫወተበት ዕቃ ነው። የምስሉ ክብደት ከዋጋው በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራና ውሳኔ

እድሳት የሚጀምረው በመመልከት ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ምስል ሲያነሡት ቅልል ይላል። አብዛኛውን ጊዜም አየር የወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይታይበታል። የሚንቀሳቀስ ክንድ ካለው ትከሻው ላይ በትንሽ ችንካር ተይዟል። የአምራቹ ስም ከእግሩ ሥር ባለው መቆሚያ ላይ ተቀርጾ ወይም በወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ወረቀት ውሃ ከነካው ስለሚጠፋ ከማናቸውም እርጥብ ሥራ በፊት ፎቶ መነሣት አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የመጀመሪያው ቀለም ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለው ነው። ይህ በእድሳቱ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ የሚከብደው ነው። የ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ቀለም፣ ተልጦም ሆነ በስሕተት የተቀባ ቢሆን፣ የዘመኑ ማስረጃ ነው። የውጭ ሠዓሊ የኢትዮጵያዊውን ፊት በአንድ ጥቁር ቀለም ሞልቶት ከሆነ፣ አውሮፓ ያን ጊዜ ኢትዮጵያን እንዴት ታይ እንደነበር የሚነግረው ያ ቀለም ራሱ ነው። እሱን ፍቆ “ማስተካከል” ማስረጃን ማጥፋት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ምስል ይጸዳል፣ ስብራቱ ይያያዛል፣ ዝገቱ ይቆማል እንጂ አይቀባም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ ሺህ የወጣና ባለቤቱ በቤቱ የቀባው የጨዋታ ምስል ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው ያለ ቀለም ሸጦታልና ቀለሙን አንሥቶ እንደ አዲስ መቀባት ምንም የሚያጠፋው ነገር የለም።

ማጽዳትና የእርሳስ ዝገት

አቧራ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይነሣል። እድፍ ያለበት፣ ቀለሙ ግን ያልተነሣ ምስል በተጣራ ውሃ በጥቂቱ በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ቀለሙ ሊነሣ የተወሰነበት ምስል ቀለሙ አክሪሊክ ከሆነ በአልኮል፣ የቆየ የዘይት ቀለም ከሆነ በአሴቶን ከተዘፈዘፈ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይታሻል። ያረጀ ቀለም ራሱ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በሸካራ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ ብናኙ በአፍንጫ ይገባል። ሥራው በጓንት፣ መስኮት በተከፈተበት ቤት፣ ምግብ ከሚበላበት ገበታ ርቆ ይሠራል። የተዘፈዘፈበት ዕቃም ዳግመኛ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ የልጅን አእምሮ ይጎዳል።

ብርና ነሐስን በሎሚ ማጽዳት በየቤቱ የታወቀ ልማድ ነው። ለእርሳስ ግን ሎሚም ኮምጣጤም ጠላት ናቸው። በምስሉ ላይ እንደ ዱቄት የሚበቅለው ነጭ ነገር የሚመጣው ከዚሁ ኮምጣጤ ውስጥ ካለው አሲድ ነው። የአሲዱ ተን ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሆኖ እርሳሱን ወደ ጨው ይለውጠዋል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ያን ጨው ወደ ነጭ የእርሳስ ካርቦኔት ይቀይረዋል። በዚህ ጊዜ አሲዱ ነጻ ይወጣና አዲስ እርሳስ ይበላል። ዝገቱ አንዴ ከጀመረ በራሱ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ችላ ሲባል ምስሉ ከውስጥ ተበልቶ ጣት ሲነካው ይፈርሳል።

የአሲዱ ተን ዋና ምንጭ መደርደሪያው ነው። እንጨት ሁሉ፣ በተለይም አዲስ የተሰነጠቀው፣ ይህን አሲድ ይተነፍሳል። ቺፑድና ርካሽ ካርቶን ደግሞ ይብሳሉ። ኮምጣጤ የሚሸት የመስታወት ማጣበቂያ ሲሊኮንም እንዲሁ ነው። እርጥበት ሲጨምር ጉዳቱ ይፈጥናል። የቆቦና የሮቢት ቆላ ደረቅ አየር ለእርሳስ ከደጋው ይሻላል። ነገር ግን የክረምቱ እርጥበትና ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋው አቧራ አብረው ሲመጡ አቧራው ውሃ ይዞ ምስሉ ላይ ይቀመጣል።

ነጩ ዱቄት ቀላል ከሆነ ብናኙ እንዳይነሣ በእርጥብ ብሩሽ ይነሣል። ከዚያ ምስሉ በተጣራ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። በሙዚየም ደረጃ ዝገቱ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ እርሳስነት እንዲመለስ ይደረጋል። ይህ ግን ቀለም ላለው ምስል አይሆንም፤ ልምድ የሌለው ሰውም ባይሞክረው ይሻላል። የጸዳው ገጽ በአሴቶን በሚሟሟ ጥርት ያለ የአክሪሊክ ሙጫ በስሱ ይሸፈናል።

ስብራት

ባዶ ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው። የድሮ ልጆችና አባቶች ያገኙት መላ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ የክብሪት እንጨት ተቆርጦ ግማሹ በአንገቱ ባዶ፣ ግማሹ በጭንቅላቱ ባዶ ውስጥ ይገባል። በዚህ ዘዴ የተጠገነ አሮጌ ምስል ሲገኝ ክብሪቱን ማውጣት አያስፈልግም፤ እሱም የምስሉ ታሪክ አካል ሆኗል። ለአዲስ ጥገና ግን የነሐስ ሽቦ ይመረጣል። በእጅ በሚሽከረከር ቀጭን መሰርሰሪያ በሁለቱም ወገን ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ ይከፈታል። ሽቦው ገብቶ በሁለት ክፍል በሚቀላቀል የኢፖክሲ ማጣበቂያ ይያዛል። ሱፐር ግሉ ፈጥኖ ይይዛል፤ ሲወድቅ ግን ፈጥኖ ይለቃል። በብየዳ ማያያዝም ይቻላል፤ ሆኖም ተራው የሬዲዮ ጠጋኝ ብየዳ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ የመበየጃው ጫፍ ከ300 ያልፋል። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቅይጡ ከዚያም በታች ነው። አንድ ሰከንድ የዘገየ እጅ ክንዱን ወደ ጠብታ ይለውጠዋል።

የታጠፈ ጠመንጃ በጥድፊያ አይቃናም። አንቲሞኒ ያለበት ቅይጥ ተሰባሪ ስለሆነ በሞቀ ውሃ ተነክሮ በጣት ቀስ ተብሎ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይመለሳል። ጠመንጃው ጨርሶ ከጠፋ እንደ አዲስ ይሠራል። ያን ጊዜ ምን ጠመንጃ እንደነበር ማወቅ ግድ ነው። በ1928ቱ ጦርነት የኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ ድብልቅ ነበር፤ አዲስ ማውዘር ከአሮጌ ውጅግራ፣ ምንሽርና አልቢን ጋር አብሮ ይታይ ነበር። ለባላገሩ ጦረኛ ውጅግራ ቢሰጠው ይስማማል። እውነተኛው 1.30 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም በ54 ሚሊሜትሩ ልክ ወደ 40 ሚሊሜትር ይሆናል። አፈሙዙ ከቀጭን የነሐስ ቱቦ፣ ሰደፉ ከኢፖክሲ ሊጥ ይወጣል፤ ማንገቻው በስስ የእርሳስ ወረቀት ይሠራል። አዲስ የተሠራ ክፍል ወደፊት የሚመረምር ሰው እንዲለየው በማስታወሻ ይመዘገባል። የመኪና ስቱኮ እንዲህ ላለ ጥቃቅን ሥራ አይሆንም፤ ቀጭን ጠርዝ ላይ ይፈረፈራል።

ቀለም

መቀባት የተፈቀደለት ምስል አስቀድሞ ለብረት በሚሆን ማያያዣ ቀለም በስሱ ይሸፈናል። የክቡር ዘበኛ ካኪ አንድ ወጥ መሆን የለበትም፤ በቀጭኑ የተበጠበጠ ቡናማ ቀለም ወደ እጥፋቱ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ከፍ ያለው ቦታ በፈዘዘ ካኪ ይነካል። የባላገሩ ሸማ በንጹሕ ነጭ ከተቀባ ኖራ ይመስላል። ከስር አመድማ ወይም የክሬም ቀለም ሆኖ ነጩ ጉብታው ላይ ብቻ ቢያርፍ ፈትሉ ይታያል። የመኳንንት ጃኖ ቀዩ ጥለት ሰፊ ነው። ዝናሩ የቆዳ ቡናማ፣ ሰደፉ የእንጨት፣ አፈሙዙ የብረት ቀለም ይኖረዋል።

ፊት ላይ ሠዓሊው ሊታገሥ ይገባል። ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ መልክ አይደለም፤ የአንድ ጓድ ስምንት ምስሎች በቡናማ፣ በቀይ ዳማና በጠይም መካከል በተለያየ መጠን ቢደባለቁ ጓዱ ነፍስ ይዘራል። ባዶ እግርም ከጫማ ቀለም ጋር አይምታታ፤ ቆዳ ሆኖ ይቀባል፣ ጫፉ ላይ አቧራ ይጨመርበታል። ለአለባበሱ አስተማማኝ መነሻ የዘመኑ ፎቶግራፎች ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉት ልብሶች፣ ጋሻዎችና የዓድዋ ሥዕሎችም ይረዳሉ።

መቆሚያና አቀማመጥ

የፋብሪካ ምስል አረንጓዴ መቆሚያ እንዳለ ይተዋል። የጨዋታ ምስል ግን በሚዋጋበት ምድር መልክ ይሠራል። ለማይጨው ደጋማ አፈርና ሣር ይስማማል። ለራያ ሜዳ ግን አመድማ ቡናማ አፈር፣ ጥቂት ግራርና የማሽላ አገዳ ያስፈልጋል፤ ከበስተጀርባ የዞብል ተራሮች ሊሳሉ ይችላሉ። ማሽላው ላይ ልኬቱን መጠበቅ ይገባል። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉትን የቆቦ ዝርያዎች የሚያውቅ ሰው ረጅም ማሽላ ሰውን እንደሚውጥ ያውቃል። ሦስት ሜትር የሆነ አገዳ ለ25 ሚሊሜትር ምስል 42 ሚሊሜትር ያህል ይቆማል። አጭር ማሽላ የተተከለበት መቆሚያ ወታደሩ የሚደበቅበትን ሜዳ ወደ ጓሮ አትክልት ይቀይረዋል።

ያለቀው ምስል በመስታወትና በብረት መደርደሪያ ወይም በፖሊፕሮፒሊን ሳጥን ይቀመጣል። የእንጨት ሣጥን የግድ ከሆነ በምስሉና በእንጨቱ መካከል የአሉሚኒየም ወረቀት ይነጠፋል፤ እርጥበት መሳቢያ ሲሊካ ጄልም ከጎኑ ይደረጋል። በየክረምቱ መውጫ አንድ ጊዜ እግሩና ብብቱ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ነጭ ነጥብ ከተገኘ ምስሉ ከሌሎቹ ወዲያው ይለያል።