የመኪና ሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ

የመኪና ሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ በተሽከርካሪ ውስጥ የሚያልፉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን በአንድነት አስሮ ከመፋተግና ከሙቀት የሚጠብቅ ተጣባቂ ጥቅል ነው። «ናስትሮ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው።

ዋና ዋና ዓይነቶቹ፦

* የፕላስቲክ (ፒ.ቪ.ሲ.) ናስትሮ፦ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ውኃንም ይከላከላል። ሞተር አጠገብ ግን ሙቀቱ ሲበዛ ሙጫው ይለሰልስና ጫፉ ይላቀቃል።
* የፖሊስተር ጨርቅ ናስትሮ፦ መፋተግን ይችላል። ለሞተር ክፍል የሚሠራው እስከ 125 ወይም 150 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቋቋማል። ውኃ ስለሚያሳልፍ ግን የተቀጠለን ሽቦ ብቻውን አይሸፍንም።
* ለስላሳ (ፍሊስ) ናስትሮ፦ ዳሽቦርድና በር ውስጥ የሽቦን መንኳኳት ያፍናል።

የጀርመን መኪና አምራቾች ኤል.ቪ. 312 በተባለው መስፈርት ናስትሮን በሙቀትና በመፋተግ ይመድባሉ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም በሚወስዱት መንገዶች ላይ ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ የበጋው አቧራ ሙጫው እንዳይዝ ያደርጋል፤ የክረምቱ ጭቃና ውኃም ክፍት መጋጠሚያን ያዝጋል። ስለዚህ ሽቦው አስቀድሞ ይጸዳል፤ መጋጠሚያው በፕላስቲክ ናስትሮ ይሸፈናል፤ ከላዩ ጨርቁ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየደረበ ይጠመጠማል።

ልባሱ የተላጠ ሽቦ የመኪናውን ብረት ከነካ ሾርት ፈጥሮ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ናስትሮ የፊውዝን ሥራ አይተካም። በኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ያሉት ብርቱካናማ ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ በናስትሮ አይጠገኑም።