ሁለት መስታወት በአንድ አድማስ፦ የጉስታቭ ሌግሬ ባሕርና ሰማይ

በ1850ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይተው ካልተገለጡ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስና በለንደን ለትርዒት የቀረቡትን የገጠርና የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው አንድ ጉድለት ሳያስተውል አያልፍም ነበር። ዛፉ ከነቅጠሉ፣ ድንጋዩ ከነስንጥቁ፣ ጀልባው ከነገመዱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከበላያቸው ያለው ሰማይ ግን እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነጭ ነው። ለሠዓሊ የሥራው እኩሌታ የሆነው ሰማይ ለፎቶግራፍ አንሺው ባዶ ስፍራ ሆኖበት ነበር።

ምክንያቱ የኬሚካሉ ጠባይ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ባደረገው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሙጫ መሰሉን ፈሳሽ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ያፈስሳል፤ በብር ናይትሬት ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ ያነሣበታል፤ ሳይደርቅም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ያጥበዋል። ይህ ሰሌዳ ለሰማያዊና ለወይን ጠጅ ብርሃን እጅግ ፈጣን፣ ለቢጫና ለቀይ ግን ዕውር ለማለት የሚያስደፍር ነው። ለባሕሩ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጠው ሰማዩ ይነጣል፤ ለሰማዩ ሲመጠንለት ባሕሩ ጠቁሮ ይቀራል። ጀንበር ስትጠልቅ የሚፈሰው ቀይና ወርቃማ ብርሃንማ ለሰሌዳው ከጨለማ አይለይም፤ የሰው ዓይን አብልጦ የሚወድደውን ሰዓት ሰሌዳው ሊያየው አይችልም ነበር።

ጉስታቭ ሌግሬ ይህን ችግር የተጋፈጠው በሠዓሊ ዓይን ነው። በ1820 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በቪልየ ለቤል ተወልዶ ከሠዓሊው ከፖል ደላሮሽ ዘንድ ተምሯል፤ በ1851ም የጥንት ሕንፃዎችን እንዲያነሡ የፈረንሳይ መንግሥት ካሠማራቸው አምስት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ነበር። ፎቶግራፍ ከንግድ ይልቅ ወደ ኪነ ጥበብ ማዘንበል አለበት ብሎ በጽሑፍም ተከራክሯል።

በ1856 በኖርማንዲ ዳርቻ አንዲት ሁለት ምሰሶ ያላት የሸራ መርከብ ከሩቅ እየታየች፣ ፀሐይ ከደመና ኋላ ስትሸሸግ፣ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ብርሃኑ አዞረ። የካሜራውን ዐይን ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለ ከፈተው ደመናው ቅርጹን ጠብቆ ተቀረጸ፤ ውኃው ጠቆረ፤ በማዕበሉ ላይም አንድ የብርሃን ጎዳና ብቻ ቀረ። ያ ሥዕል በዓመቱ መጨረሻ ለንደን ላይ ለትርዒት ሲቀርብ ብዙዎች በጨረቃ ብርሃን የተነሣ መሰላቸው። በጠራራ ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ የምሽት ስም ወጣለት። ይህ ሥራ በአንድ መስታወት ብቻ የተከናወነ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ሆኖም ሌግሬ በዚህ አልረካም፤ መርከቢቱም ዳርቻውም የጥላ ቅርጽ ብቻ ሆነው ነበርና።

በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ ፈረንሳይ በሴት ወደብ «ታላቁ ማዕበል» የተባለውን ሥራ ሲያዘጋጅ ሁለት ሰሌዳዎችን አጋጠመ። በአንደኛው መስታወት ወደ ድንጋዩ የሚንደረደረውን ባሕር፣ በሌላው ደመናውን ያዘ። ሲያትም በመጀመሪያ የሰማዩን ወገን ጋርዶ ባሕሩን በፀሐይ ብርሃን በወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ባሕሩን ጋርዶ ሰማዩን ያትማል። የሁለቱ መጋጠሚያ አድማሱ ነው። ቀጥ ያለው የባሕር አድማስ ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ተራራና ዛፍ ባለበት አገር መጋረጃውን በቅጠል ቅርጽ መቁረጥ በተገባ ነበር።

ይህ ማታለል ነውን? በዚያው በ1857 ኦስካር ሬይላንደር ከሠላሳ በላይ ኔጋቲቮችን አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ምሳሌያዊ ሥዕል በማቅረቡ ክርክሩ ተጋግሎ ነበር፤ በ1889ም ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ኔጋቲቭ ማጋጠምን ከነአካቴው ነቀፈ። ነገር ግን በባሕር ዳር የቆመ ሰው ወደ ሰማይ ሲያይ ብሌኑ ይጠብባል፤ ወደ ውኃው ሲመለስ ይሰፋል። ዓይን ራሱ ሁለት ጊዜ መጥኖ ያያልና፣ በሁለት መስታወት የታተመው ሥዕል ተመልካቹ ላየው ነገር ከነጩ ሰማይ ይልቅ ይቀርባል። እስከዚህ ድረስ ሌግሬን መውቀስ አይገባም። ሆኖም አንዱን የደመና ኔጋቲቭ ከአንድ በላይ በሆኑ ባሕሮች ላይ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል፤ ለዚህ ጥብቅና መቆም ያዳግታል። ሠዓሊ የደመና ንድፎቹን አስቀምጦ በፈለገው ሸራ ላይ ቢያውላቸው ማንም አይከስሰውም፤ ፎቶግራፍ ግን ተመልካቹ «ይህ በዚህ ስፍራ ነበረ» ብሎ እንዲያምን ያደርጋል።

የኬሚካሉ ዕውርነት ቀስ በቀስ ተገፈፈ። በ1873 በርሊን ላይ ሄርማን ፎግል በቀለም ንጥረ ነገር ሰሌዳውን ለአረንጓዴና ለቢጫ ብርሃን ማንቃት እንደሚቻል አገኘ። ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1997 ፖል ደበቬክና ጂተንድራ ማሊክ ብርሃናቸው የተለያየ በርካታ ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር አዋሕዶ ሙሉውን የብርሃን ስፋት ማግኛ ስልት አሳተሙ። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ይህንኑ በቅጽበት ይሠራል፤ ባለቤቱም አንድ ሥዕል ያነሣ እየመሰለው ብዙ ያነሣል።

ሌግሬ ግን የሥራውን ፍሬ አልበላም። በፓሪስ በካፑሲን ጎዳና የከፈተው ያማረ ስቱዲዮ ወጪውን ሳይሸፍን በ1860 ተዘጋ፤ ጊዜው ርካሽ የሆነው ትንሹ የጉብኝት ካርድ ፎቶግራፍ የገነነበት ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከደራሲው ከአሌክሳንደር ዱማ ጋር በመርከብ ተሳፈረ፤ በፓሌርሞ ጋሪባልዲንና የከተማዋን ምሽጎች አነሣ፤ ማልታ ሲደርሱ ተጣልተው ዱማ እዚያው ጥሎት ሄደ። በመጨረሻ ካይሮ ገብቶ ለኢስማኤል ፓሻ ልጆች ሥዕል አስተማረ፤ ይኸውም በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦሩ ድል የተመታበት ኢስማኤል ነው። ሌግሬ በ1884 እዚያው ካይሮ ሞተ፤ ወደ ፈረንሳይም አልተመለሰም።

ከ115 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1999፣ ከ«ታላቁ ማዕበል» እትሞች አንዱ ለንደን ላይ በሐራጅ 507,500 ፓውንድ አወጣ፤ በዚያን ጊዜ በሐራጅ ለፎቶግራፍ ከተከፈለው ዋጋ ሁሉ የላቀ ነበር። እትሙን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ፣ ሁለቱ መስታወቶች የተገናኙበት ስስ መስመር በአድማሱ ላይ ይታያል።