የተሽከርካሪ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ሲያወጣ ሊከናወን የሚገባ ፍተሻ

በነዳጅ የሚሠራ ተሽከርካሪ ማሞቂያ ሙቀት የሚያገኘው በሞተሩ ውስጥ ከሚዘዋወረው የራዲያተር ውሃ ነው። በመሆኑም ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ሲያወጣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ሥርዓት መታወክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ አሽከርካሪዎች የሚከተለውን ፍተሻ በቅደም ተከተል እንዲያከናውኑ ይመከራል።

1. የውሃ መጠን፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይታያል። በሞቀ ሞተር ላይ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ውሃው ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ ተለይቶ ሊጠገን ይገባል።

2. የሙቀት መለኪያ፦ ከረጅም ጉዞ በኋላም ቀስቱ ከቀዝቃዛው ምልክት ብዙ ካልራቀ ቴርሞስታቱ ሳይዘጋ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው። በአንጻሩ ቀስቱ ወደ ቀዩ ካመራ ተሽከርካሪውን ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ አቁሞ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል።

3. የማሞቂያው ቱቦዎች፦ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በጥንቃቄ ሲዳሰሱ አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ውሃው በማሞቂያው ውስጥ በአግባቡ አያልፍም። ሁለቱም ሙቅ ከሆኑ ጉድለቱ በአየር መቆጣጠሪያው በኩል ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ ይታይ።

እንደ ጣርማበር ባሉ ብርዳማና ጭጋጋማ መንገዶች የፊት መስታወት በእንፋሎት ሲሸፈን ዕይታን ስለሚጋርድ፣ ጉድለቱ ከጉዞ በፊት እንዲስተካከል እናሳስባለን።